ከእናቷ ምንጣፍ የተቆረጠው ጥግ

የውሻ መጠለያው ጠባቂ ኮርኔል መጀመሪያ ያሳያት ቡችላዎቹን ነበር። አምስት ናቸው፤ አንዱ በአንዱ ላይ እየወጣ በሽቦው ቀዳዳ አፍንጫውን ያሾልካል። ቬቱሪያ የሱፍ ጓንቷን አውልቃ የአምስቱንም አፍንጫ በየተራ ነካች። ከዚያ ራሷን ነቀነቀች።

«ምነው ታንቲ ቬቱሪያ፣ አላማሩዎትም?» አላት፤ ታንቲ እንደ «እትዬ» ያለ መጠሪያ ነው።

«ያምራሉ እንጂ። ግን ሰባ አንድ ዓመቴ ነው ልጄ። እኔ ስሄድ እነዚህ የት ይገባሉ?»

ኮርኔል ወደ መጨረሻው አጥር ወሰዳት። እዚያ ሲሚንቶው ላይ አንድ ግራጫ ውሻ ተኝቷል። አንዱ ጆሮው ቆሟል፣ ሌላው ወድቋል፤ ጢሙ ሙሉ በሙሉ ነጭ ነው። እንደ ሌሎቹ አልጮኸም። ቀና ብሎ አያት ብቻ።

«ይህን ሞሹ ብለነዋል» አለ ኮርኔል። በካላፋት ከተማ ሽማግሌ በፍቅር ሲጠራ ሞሹ ይባላል፤ ለውሻው የወጣለትም በጢሙ ምክንያት ነው። «ጌታው ሞቶበት ነው የመጣው። ዘጠኝ ዓመት ቢሆነው ነው። ሰባት ወር ሙሉ እዚህ ሲተኛ የጠየቀው የለም። እውነቱን ልንገርዎት ታንቲ፤ ተወስዶ የተመለሰ ሽማግሌ ውሻ ሁለተኛ የሚወስደው አይገኝም።»

«አልመልሰውም» አለች ቬቱሪያ። ድምፅዋ ራሷን እስኪገርማት ድረስ ጠንከር ብሎ ወጣ።

የካቲት ነበር። ዳኑብ ወንዝ ዳር ዳሩን ገና በረዶ ይዞታል። ሁለቱ ጎን ለጎን፣ አንዳቸውም ሳይቸኩሉ፣ የወንዙን መንገድ ይዘው ወደ ቤት ሄዱ።

ቤቷ አሳንሰር በሌለው ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ነው። ቬቱሪያ ሠላሳ ሁለት ዓመት በልብስ ስፌት ፋብሪካ የወንድ ሸሚዝ ኮሌታ ሰፍታለች። ኮሌታ ብቻ፤ እጅጌ የሚሰፉት ሌሎች ነበሩ። ፋብሪካው ከተዘጋ ቆይቷል፤ ባሏ ትራያን ካረፈም አራት ዓመቱ ነው። አንድ ልጇ ሳንዳ ስፔን ሄዳ፣ ሳራጎሳ የሚባል ከተማ አግብታ ወልዳ ትኖራለች። እሑድ እሑድ ትደውላለች። ከእሑድ እስከ እሑድ ግን ቬቱሪያ የምታወጣው ቃል ጥቂት ነው። ዳቦ ቤት እንኳ ሻጯ ስለምታውቃት፣ ገና በሩን ስትከፍት ግማሽ ዳቦ ትጠቀልልላታለች፤ እዚያም መናገር አያስፈልግም። አንዳንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጉሮሮዋን ስትጠርግ የሌላ ሰው ድምፅ እየመሰላት ትደነግጥ ነበር።

ቤቱ ውስጥ ኮቴ አይሰማም። ወለሉ ሁሉ ምንጣፍ ነው። በዚያ አገር ሴቶች ዘንድ ባዶ ወለል ነውር ነው፤ ሰው ለቅቆት የሄደ ቤት ይመስላቸዋል። መተላለፊያው ላይ፣ ወጥ ቤቱ ደፍ ላይ፣ አልጋው ሥር ሳይቀር አንድ ነገር ይነጠፋል። ከሁሉም የሚበልጠው ትልቁ ክፍል ውስጥ ያለው የእናቷ ምንጣፍ ነበር። እናቷ ሁለት የበረዶ ወራት ሙሉ ከበግ ፀጉር ሸምና ለሠርጓ የሰጠቻት ነው። መደቡ ጥቁር ቀይ፣ በየጥጉ ሁለት ሁለት ወፎች ምንቃር ለምንቃር ገጥመው ቆመውበታል። በአንደኛው ጥግ የአንዷ ወፍ ዓይን ሰማያዊ ነው፤ እናቷ ጥቁሩ ክር አልቆባት ኖሯል። ቬቱሪያ ያን ሰማያዊ ዓይን ከምንጣፉ ሁሉ አብልጣ ትወደዋለች።

ምንጣፉ የሳንዳ ውርስ ነው፤ ሁልጊዜም እንደዚያ ሲባል ኖሯል። ሳንዳ በስልክ «ማማ፣ እኛ ቤት ምንጣፍ አንጠቀምም፤ ልጆቹን ያስነጥሳቸዋል» ካለች ስድስት ዓመት አልፏል። ቬቱሪያ ያን ጊዜ መስመሩ የተበላሸ አስመስላ «አይሰማኝም፣ አይሰማኝም» አለችና ስለ አየሩ ጠየቀቻት። ከዚያም ወዲህ በየዓመቱ ለፋሲካ ምንጣፉን ደብድባ፣ ፀሐይ አስመትታ፣ በጫፉ ብቻ እየተራመደች ለሳንዳ ታቆየዋለች።

ሞሹ በገባበት ቀን መተላለፊያው ላይ ቆሞ ረጅም ጊዜ አሸተተ። ቀጥሎ ቀስ ብሎ ወደ ትልቁ ክፍል ገባ። የምንጣፉን አንድ ጥግ መረጠ። እግሩን እንኳ ሳያነሣ፣ እንደ ቡችላ ዝቅ ብሎ፣ ሰማያዊ ዓይን ያላት ወፍ ላይ ሸና። ሲጨርስ ዞሮ ቬቱሪያን አያትና ጭራውን ወዘወዘ።

አልተቆጣችውም፤ መቆጣት አትችልበትም። ጥጉን በኮምጣጤ ውኃ አራሰችና በፎጣ አደረቀች። በረኪና ለማድረግ አልደፈረችም፤ የእናቷ ቀለም ይለቅብኛል ብላ ፈራች። ምንጣፉን ብል እንዳይበላው የዎልነት ዛፍ ቅጠል በትና ጠቀለለችና፣ ወንበር ላይ ወጥታ እያቃሰተች ቁም ሳጥኑ ላይ ሰቀለችው። ባዶውን ወለል ስታይ ግን አፈረች። ስለዚህ በምትኩ ከአሮጌ ልብስ ቁራጭ የተሸመኑ ሁለት የጨርቅ ምንጣፎች አነጠፈችበት።

ሞሹ እነሱንም አረጠበ።

እርጥቡን አንሥታ ደረቅ ታነጥፋለች፤ ደረቁንም ያረጥበዋል። እንግዲያው ብዙ ቢሆን ይሻላል ብላ ከመደርደሪያው፣ ከሶፋው ሥር፣ ከሰገነቱ እየሰበሰበች በየቦታው ዘረጋች። በሦስተኛው ሳምንት አሥራ አንድ የጨርቅ ምንጣፍ መሬት ላይ ነበረ። ሁሉንም በየተራ ታጥባለች። መታጠቢያ ቤቱ ሁልጊዜ የሚንጠባጠብ ነገር አያጣም፤ እጇም ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይሸታል።

በየሁለት ሰዓቱ ታወርደዋለች። ካፖርቷን ትለብሳለች፣ ሻርፗን ትጠመጥማለች፣ ሠላሳ አራቱን ደረጃ ትወርዳለች። ከሕንፃው ጀርባ ሣሩ ላይ በማሰሪያው ይዛ ታቆመዋለች። ሞሹ ይቆማል። ንፋሱ ጢሙን ይከፍልበታል፤ ዓይን ዓይኗን ያያል። «በል እንጂ» ትለዋለች በሹክሹክታ፣ ሰው እንዳይሰማት ግራ ቀኝ እያየች። «በል፣ ሽና።» ሩብ ሰዓት፣ ግማሽ ሰዓት ይቆማሉ። ምንም የለም። ተመልሰው ይወጣሉ፤ ገና ካፖርቷን ሳታወልቅ የቅርቡ ምንጣፍ ላይ ሄዶ ዝቅ ይላል። ቀጥሎ እንደዚያው፣ ዞሮ ማየትና ጭራ መወዝወዝ። ያ መወዝወዝ ነበር የሚያሳዝናት። የእንስሳት ሐኪሙ ዘንድ ወሰደችው፤ ኩላሊቱም ፊኛውም ደህና ነው ተባለ።

ከሥሯ አንደኛ ፎቅ የምትኖረው ኦሊምፒያ አንድ ቀን ደረጃ ላይ አገኘቻት። ኦሊምፒያ ድምፀ ትልቅ፣ አንድ ነገር ስትናገር ሦስቱ ፎቅ የሚሰማት ሴት ናት።

«አፍንጫውን ያዥና እዚያው ድፊበት!»

«እንዴት አድርጌ…»

«እንዴት አድርጌ ይባላል? ማጅራቱን ይዘሽ ነዋ! አንቺማ እሱ ሸንቶ አንቺ ይቅርታ ሳትጠይቂው አትቀሪም።»

ቬቱሪያ ፈገግ አለች፤ ልክ ነበረቻ። በዚያው ጠዋት «አይዞህ» ብላው ነበር።

በመጋቢት መጀመሪያ፣ ጾሙ በገባ በሁለተኛው ሳምንት፣ በሩ ተንኳኳ። የሕንፃው አስተዳዳሪ ኔያ ሴቨር ነው (ኔያ እንደ «ጋሼ» ያለ መጠሪያ ነው)፤ ጡረታ የወጣ የባቡር ሠራተኛ፣ ሰው ቤት ሲሄድ ብዕር ከጆሮው የማይለይ። ደፉ ላይ ቆሞ አፍንጫውን ወደ ውስጥ ላከ።

«ወይዘሮ ቬቱሪያ፣ እኔ ውሻ እወዳለሁ።»

«አውቃለሁ ኔያ ሴቨር።»

«ግን ደረጃው ይሸታል።»

ቬቱሪያ የነጠላ ጫማዋን ጫፍ አየች።

«አንደኛ ፎቅ ተናገረ። ሦስተኛ ፎቅ ተናገረ። አራተኛ ፎቅ እንኳ ተናገረ፤ ከሲጋራ ሌላ የማይሸታቸው ሰዎች! ለፋሲካ የየቤቱ ልጅ ከጣሊያን ይመጣል፣ ከጀርመን ይመጣል። በዚህ ደረጃ ሲወጣ ምን ይበል? እስከ ፋሲካ እታገሥዎታለሁ። እስከዚያ ካልተስተካከለ ውሻው ወደ መጣበት ይመለስ።»

«እስከ ፋሲካ» አለች።

«በወረቀት አልጽፈውም።» ብዕሩን ከጆሮው አወረደና መልሶ ሰካው። «በቃል ይሁን። ጎረቤት ነን።»

በሩን ዘግታ ስትዞር ሞሹ መተላለፊያው ላይ ተቀምጦ ያያታል። «ሰማህ?» አለችው። የወደቀው ጆሮው ትንሽ ተነሣና ተመልሶ ወደቀ።

ከፋሲካ በፊት ባለው ሦስተኛው ቅዳሜ ፀሐይ ወጣ። በዚያ ቀን በካላፋት ሕንፃዎች ጀርባ ሁሉ አንድ ድምፅ ነው የሚሰማው፤ ድብ፣ ድብ፣ ድብ። ሴቶቹ ምንጣፎቻቸውን ተሸክመው ይወርዳሉ። ግቢው መሐል ሁለት እግር ያለው ወፍራም ብረት ተተክሏል፤ ሥራው ይኸው ብቻ ነው። ምንጣፍ ይጣልበታል፣ በመደብደቢያ ይወቀጣል፣ አቧራው ይቦናል። ወረፋ የያዘች ቆማ ትስቃለች፤ የጨረሰች ምንጣፏን ሣሩ ላይ ዘርግታ በኮምጣጤ ውኃ ትፈትጋለች።

ቬቱሪያ የጨርቅ ምንጣፎቿን ይዛ ዳር ቆመች፤ ሞሹ በማሰሪያው አጠገቧ ነው። ኦሊምፒያ ምንጣፏን ደብድባ ጨርሳ ሣሩ ላይ ዘረጋችው፤ ትልቅ፣ መደቡ ቀይ፣ የሱፍ ምንጣፍ። ወገቧን ይዛ ቀና አለች።

ሞሹ ማሰሪያውን ሳበ። በጭራሽ የማይስብ ውሻ ሳበ። ገመዱ ከቬቱሪያ እጅ አምልጦ ሄደ። ሽማግሌው በሰዎች መሐል ቀስ ብሎ አለፈና የኦሊምፒያ ምንጣፍ መሐል ላይ ቆመ። ዝቅ አለ።

«ኧረ! ኧረ ሰዎች! ኧረ ሸናበት! አሁን የደበደብኩትን!» ኦሊምፒያ መደብደቢያውን እንደ ሰይፍ አነሣች። «አንቺ ቬቱሪያ! ይህን ጢማም ሰካራም ከየትኛው መሸታ ቤት ነው ያወጣሽው?»

ግቢው ሁሉ ሳቀ። ቬቱሪያ ፊቷ እሳት ሆነ። መሬቱ ቢከፈት ትገባ ነበር። «አጥበዋለሁ… እኔ አጥበዋለሁ ኦሊምፒያ…» ትላለች፤ ግን ማንም አይሰማትም። ሞሹ ጨርሶ ዞረ፤ ቬቱሪያን ፈልጎ አገኘና ጭራውን ወዘወዘ።

ያኔ ከወረፋው አንዲት ቀጭን ሴት ወጣች። ፓራስኪቫ ትባላለች፤ ከመንገዱ ማዶ ካለው ሕንፃ ናት። ውሻውን ትኩር ብላ አየችና ጎንበስ አለች።

«ላቡሽ?» አለች። «ላቡሽ፣ አንተ ነህ?»

ውሻው በአራት እግሩ ደረቀ። ሁለቱም ጆሮዎቹ ቆሙ፤ የወደቀውም ጭምር። ቬቱሪያ ያን ጆሮ ቆሞ አይታው አታውቅም።

«የኔያ ፓንቴሊ ውሻ ነው እኮ!» አለች ፓራስኪቫ። «አራተኛ ፎቅ፣ ከእኔ በር ፊት ለፊት! ነፍሱን ይማረው፣ እግሩን ከታመመ በኋላ ሦስት ዓመት ሙሉ ደረጃ አልወረደም። ውሻውም አልወረደም። ሽማግሌው ምን አደረገ መሰላችሁ? የሚስቱን የሱፍ ምንጣፍ ቆርጦ ሰገነቱ ላይ አነጠፈለት፤ እዚያ ላይ አስለመደው። ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ በግድግዳው፤ 'ምንጣፍ ላይ ላቡሽ፣ ምንጣፍ ላይ። ጎበዝ የኔ ልጅ።' ሲሸና ያሞግሰዋል!»

«እና ምንጣፌን የሸናበት ስለተማረ ነው ትይኛለሽ?» አለች ኦሊምፒያ።

«ከአንቺ ልጆች የተሻለ የተማረ ነው።»

ሳቁ እንደገና ፈነዳ፤ በመጨረሻ ኦሊምፒያም ሳቀች። ቬቱሪያ ግን አልሳቀችም። ሣሩ ላይ ተንበርክካ የኦሊምፒያን ምንጣፍ ትፈትግ ጀመር። እየፈተገች ታስባለች። አሥራ አንድ ምንጣፍ። በየቀኑ አንድ ምንጣፍ አነጠፈችለት፤ እሱም በየቀኑ የታዘዘውን አደረገ። ምስጋናውንም ጠበቀ። ጭራው የሚወዘወዘው ለዚያ ነበር። ወር ሙሉ አንድ «ጎበዝ» ጠብቆ አላገኘም።

በዚያው ከሰዓት በኋላ አሥራ አንዱንም ሰብስባ አነሣች። ቤቱ ባዶ ሆነ። ሥዕሎቹ፣ ቁም ሳጥኑ፣ የትራያን ወንበር፣ ሁሉም ድንገት ትንንሽ መሰሉ። አንዱን የጨርቅ ምንጣፍ ይዛ ወረደችና ከመደብደቢያው ብረት ሥር ሣሩ ላይ ዘረጋችለት። ንፋሱ አነሣውና ጠርዙን አራገበው። ሞሹ ደንግጦ ወደ ኋላ ሸሸ። ድንጋይ ጫነችበት። አሸተተው፤ አንድ ወር ሙሉ በበረኪናና በኮምጣጤ የታጠበ ጨርቅ ምን ይነግረዋል? ትቶት ዓይኗን ያይ ጀመር።

ቤትም ምንጣፍ የለም። ሞሹ ከክፍል ክፍል ዞረ። ባዶውን ወለል አሽትቶ ያልፋል፣ ይመለሳል፣ ያለቅሳል። እስኪመሽ አልሸናም። ሲነጋም አልሸናም። እሑድ ጠዋት ሁለት ጊዜ አወረደችው፣ ሁለት ጊዜም ሽንቱን እንደያዘ ተመለሰ። ከቤተ ክርስቲያን ቀረች። ሆዱን ስትነካው እንደ ከበሮ ጠጥሯል፤ እግሮቹ ይንቀጠቀጣሉ። ሽማግሌ ነው፤ የተማረውን አልጥልም ብሎ ራሱን ይገድላል ብላ ፈራች።

ስልኩ ጮኸ። ሳንዳ ነበረች፤ ገና ሰላም ሳትለዋወጥ «ማማ፣ በበጋ እንመጣለን ያልኩሽን አልቻልንም፤ የልጆቹ አያት፣ የባሌ እናት፣ የባሕር ዳርቻ ቤት ተከራይተውልናል» አለች።

«ይሁን ልጄ። ባሕር ለልጆች ጥሩ ነው።»

«አልተከፋሽም?»

«ኧረ ምን በወጣኝ።»

ስልኩን አስቀመጠች። ከዚያ ወንበሩን ስባ ቁም ሳጥኑ ሥር አቆመች።

ጥቅሉ ከበዳትና ወለሉ ላይ ወደቀ፤ የደረቀ ቅጠል ተበተነ። ሞሹ ከመተላለፊያው እየሮጠ መጣ። ሊሸናበት ዝቅ ሲል በሁለት እጇ አቀፈችው። «ቆይ፣ አንድ ጊዜ ቆይ አባቴ፣ ቆይልኝ።» ከመሳቢያዋ ከፋብሪካው ይዛው የወጣችውን ትልቁን መቀስ አወጣች። የቱን ጥግ እንደምትቆርጥ ማሰብ አላስፈለጋትም፤ ሽታው ያለበት አንዱ ብቻ ነው፤ ሰማያዊ ዓይን ያላት ወፍ ያለችበት። የእናቷ ሽመና ጠንካራ ነበር፤ መቀሱ ሁለት ጊዜ ተንሸራተተ። የበር ምንጣፍ የሚያህል ቁራጭ በእጇ ቀረ።

ካፖርት ሳትለብስ ወረደች። ከብረቱ ሥር ዘረጋችው። ከባድ ስለሆነ ንፋሱ አልነካውም። ሞሹ አሸተተ፣ ወፎቹ ላይ ወጣ፣ ዝቅ አለ። ብዙ ቆየ። ሲጨርስ ዞሮ አያት።

«ጎበዝ» አለች ቬቱሪያ። «ጎበዝ የኔ ልጅ።»

ጭራው መላ ጀርባውን ይዞ ተወዛወዘ።

ከዚያ በኋላ የነበረው የትዕግሥት ሥራ ነው። በየሁለት ቀኑ ከቁራጩ ዳርና ዳር ሁለት ሁለት ጣት ትቆርጣለች። የተቆረጠው ጠርዝ ክሩ ሲተለተል ማየት ስለማትችል፣ ሞሹ የሚሸናበት መሆኑን እያወቀች፣ በመርፌ ዞራ ትዘመዝመዋለች። ጠዋት ጠዋት ኦሊምፒያ መስኮቷን ከፍታ ትጮኻለች።

«ዛሬስ?»

ቬቱሪያ ግቢው መሐል ራሷን ከፍ ዝቅ ታደርጋለች። መጮኽ ታፍራለች።

«ቁራጩ አነሰ ወይስ የኔ ዓይን ነው?»

ቬቱሪያ በሁለት እጇ መጠኑን ታሳያለች፤ የትሪ ያህል፤ ሌላ ቀን የሳህን ያህል።

አንድ ቀን ተሳስታለች። ዝናብ ስለመታው ቁራጩን አውጥታ ሰገነቱ ላይ፣ ወለሉ ላይ እንዲደርቅ ዘረጋችው። ሰገነት፣ ምንጣፍ። ሞሹ አላመነታም። ውኃው በሰገነቱ ቀዳዳ ወርዶ ኦሊምፒያ ያሰጣችው አንሶላ ላይ ተንጠባጠበ።

«ቬቱሪያ! ዝናቡ ቆሟል ብዬ ነበር!»

አንሶላውን ወስዳ አጠበች፤ ተኩሳ መለሰችው። ኦሊምፒያ ተቀብላ ገለበጠችው፣ የተተኮሰበትን አጣጣፍ አየችና «እንዲህ የምትተኩሺ ከሆነ ሌላውንም ያሽናበት» አለች።

በሕማማት ሐሙስ ቁራጩ መዳፍ ያህላል፤ የቀረችው አንዷ ወፍ ብቻ ናት። ዓርብ ጠዋት ቬቱሪያ ቁራጩን ኪሷ ውስጥ ይዛው ወረደች፤ አላወጣችውም። ሞሹ ከብረቱ ሥር ያለውን ሣር አሸተተ። ዞረ፣ አሸተተ። ዓይኗን አየ። እሷ እጇን ኪሷ ውስጥ ጨብጣ ቆመች። መስኮቶቹ ሁሉ ዝግ ናቸው፤ ሰው ሁሉ ወጥ ቤት ውስጥ ዕንቁላል ቀይ ይነክራል። ሞሹ ሣሩ ላይ ዝቅ አለ።

«ጎበዝ» አለችው። በዚያ ቀን የተናገረችው የመጀመሪያ ቃል ነበር።

የፋሲካ ዕለት ጠዋት ኔያ ሴቨር ቀይ ዕንቁላል ይዞ መጣ። ደፉ ላይ ቆሞ አፍንጫውን እንደ ልማዱ ወደ ውስጥ ላከ። ከወጥ ቤት የሚመጣው የዎልነት ዳቦ ሽታ ብቻ ነበር።

«ክርስቶስ ተነሥቷል» አለ።

«በእውነት ተነሥቷል» አለችና የእሷን ዕንቁላል አወጣች። እንደ ወጉ ዕንቁላል በዕንቁላል አጋጩ። የእሱ ተሰነጠቀ።

«አሸነፉኝ ወይዘሮ ቬቱሪያ።» ባዶውን ወለል አይቶ ሊናገር አሰበ፣ ተወው። ሞሹን ጭንቅላቱ ላይ ዳሰሰው። «በል ሽማግሌ። ኑር እንግዲህ።»

ቀትር ላይ ሳንዳ ደወለች። ከጀርባዋ የልጆች ጫጫታ አለ፤ አያታቸው የማታውቀውን ቋንቋ ይናገራሉ። ስለ በጉ ወጥ አወሩ፤ ስለ አየሩ አወሩ። ሞሹ ከወጥ ቤት ተነሥቶ በባዶው ወለል ላይ ወደ መተላለፊያው ሄደ፤ ጥፍሩ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ ይላል።

«ማማ፣ እንግዳ አለሽ እንዴ? ሰው ይራመዳል።»

«ሞሹ ነው። ምንጣፎቹን አንሥቻቸዋለሁ።» ቬቱሪያ የስልኩን ገመድ ጣቷ ላይ ጠመጠመች። ከአልጋዋ በላይ ግድግዳው ላይ የእናቷ ምንጣፍ ተሰቅሏል፤ ሦስት ጥግ አለው፤ የአራተኛው ቦታ ግድግዳው ይታያል። «ሳንዳ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ። ምንጣፉን ቆረጥኩት። ጥጉን። ለውሻው ስል።»

«የቱን ምንጣፍ?» አለች ሳንዳ።

ቬቱሪያ የስልኩን ገመድ ከጣቷ ፈታች።

«አንዱን ነው» አለች። «ልጆቹን ሳሚልኝ።»

ስልኩን አስቀመጠች። ሞሹ በሩ ፊት ቆሟል፤ አንድ ጆሮው ቆሞ፣ አንዱ ወድቆ። በሩን ያያል፣ እሷን ያያል፣ እንደገና በሩን ያያል። ለመውጣት ሲጠይቅ ይህ የመጀመሪያው ነው።

«መጣሁ» አለች፤ ጫማዋንም መፈለግ ጀመረች። «መጣሁ፣ መጣሁ።»